ያልተጻፈችው ቁራጭ

ቮልክማር እባላለሁ፣ የኤበርሽቲግ ጸሐፊ፣
ስም አስጠሪ የሌለኝ፣ የጌቶች ዘር ጻፊ።
ከቬራ ወንዝ ማዶ፣ ከጥዱ ዱር በላይ፣
አንድ ግንብ ነበረ ከሩቅ የሚታይ፤
ከርከሮ የተሳለ ሰንደቅ የሰቀለ፣
“ከኔ ወዲያ ማን አለ?” እያለ።

አሮጌው ሉዶልፍ በኅዳር ሲሸኝ፣
“ብራናና ቀለም ያዝ” ብለው ጠሩኝ።
ገና ሥጋው ሳለ፣ አፈር ሳይለብስ፣
አጥንቱን ቆጠሩ ርስቱን ለመውረስ።

ብዕሬ የዝይ ላባ፣ ከወፍጮ ቤት የመጣ፤
እነሱ ሲናገሩ፣ እኔ መስመር ሳወጣ፦
ዱሩን ለጌቤሃርት ከነአጋዘኑ፣
ድልድዩን ለኤክበርት ከቀረጥ ሣጥኑ፣
ለታናሹ ቲሞ የወይን ቁልቁለት፣
ከጨው ጉድጓድ ጋራ ሠላሳ ገባር ቤት።

ግንቡንም ከፈሉት። በሩን አንዱ ወሰደ፣
ወጥ ቤቱን ሌላኛው፤ ሦስተኛው ነደደ፣
ጸሎት ቤት ቢደርሰው።
“ሻማ ይበላል እንዴ?” አለኝ።
እሱንም ልጽፈው ነበር።

አንድ የውኃ ጉድጓድ ሦስት ገመድ አበጀ፣
አንድ በር ጠባቂ በሦስት ጌታ አረጀ።

እህታቸው ሜክቲልድ ደጃፍ ላይ ቆማለች፣
በአንድ በቅሎ፣ በአንድ ሣጥን ለገዳም ታጭታለች።
“የኔስ?” አላለችም። ዝቅ ብላ ጠየቀችኝ፦
“ያባቴ መቃብር በማን ድርሻ ነው?” አለችኝ።
መስመሬን ተከተልኩ፤ መቃብሩን አልፏል፣
ራስጌው ለጌቤሃርት፣ ግርጌው ለኤክበርት ደርሷል።
ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

ደግሞ ወፍጮው አለ፣ የባልቴቷ የኢርምጋርት፤
ውኃው የቲሞ ነው፣ ድንጋዩ የኤክበርት፣
ጣራው ጥድ ስለሆነ፣ እሱም የጌቤሃርት።
ሦስቴ ትገብራለች አንዴ ለምትፈጨው፤
የቀራት ነፋስ ነው፣ ዱቄት የሚያበነው።

ሌሊቱ ገፋና ቀለሙ በረደ፣
የሻማዬም ወገብ ቀልጦ ወረደ።
“ከሁለተኛው ድንጋይ እስከ ዱር ፖም ዛፉ”፣
እነዚህ ቃላት ብቻ ብራናውን አለፉ።
እንቅልፍ ነው? ሌላ ነው? እሱን አልናገርም፣
የንስሐ አባቴም ጠይቆኝ አያውቅም።

ሲነጋ ሦስቱም መጡ፣ ማኅተም አተሙበት፣
ቀይ ሰም፣ ጥቁር ሰም፣ አረንጓዴ ሰም ፈሰሰበት።
ሰሙ ይኸውላችሁ። ወርቁን ግን ፈልጉት
ከዚያች ከተዘለለች፣ ሣር ከበቀለበት።

ከዚያማ ዓመታት።
ሦስቱም መሬት ወረስን ሲሉ፣
ዱሩ ጌቤሃርትን በከርከሮ ወረሰው፣
ያ የጋሻው አውሬ በገዛ ጥርሱ በጣጠሰው።
ድልድዩ ኤክበርትን ከነሣጥኑ በጎርፍ ወሰደው፣
ቲሞንማ ወይኑ፣ ሳይቸኩል፣ ጨረሰው።
ከሦስት ወንድም ቤት አንድ ወንድ ልጅ ጠፋ፤
የጋሻው ቀለም በግድግዳው ላይ ረገፈ።

ሌላ ቤት መጣ ከደቡብ፣ ንስር ያለው ማኅተም።
ጸሐፊያቸው ወጣት ነው፤ ጣቱ ንጹሕ፣ ዓይኑ የማይደክም።
ብራናዬን ዘርግቶ ሲያነብ ዋለ፣
ዱሩን ቆጠረ፣ ጨዉን ቆጠረ፣ “ደኅና ጽፈሃል” አለ።

እኔ ግን ዛሬ በመስኮቴ በኩል አያለሁ፤
ከድንጋዩ እስከ ፖም ዛፉ ድረስ
የኢርምጋርት ዝይዎች ሣር ይነጫሉ፣
ለማንም ሳይገብሩ፣ እየተንጫጩ፣ እየተጣሉ።
መካከላቸው አንዲት ያረጀች በቅሎ ቆማለች።
ከገዳም ማን እንደመለሳት አልጠየቅሁም።

አርባ እርምጃ ናት።
አንድ ማታ ሄጄ ለካኋት፣
በእግሬ፤ ብዕሬን ቤት ትቼ።